በሣር መካከል ስለሚተከሉ የፀደይ አበቦች

በየካቲት ወይም በመጋቢት ወር በእንግሊዝ አገር በአንድ መናፈሻ ብታልፉ፥ ዛፉ ገና ቅጠል ሳያወጣ ሣሩ ነጭ፥ ሐምራዊና ብጫ አበባ ለብሶ ታያላችሁ። (ፀደይ ስንል የእኛን መስከረም እንዳታስቡ፤ የዚያ አገር ፀደይ የሚገባው በመጋቢት ነው።) አበቦቹም ስኖውድሮፕ፥ ክሮከስና ዳፎዲል ይባላሉ። አትክልተኛ የሚተክላቸው እንደ ሽንኩርት ካለ ራስ ሲሆን፥ ይህም ራስ የብርዱን ወራት በመሬት ውስጥ ካላሳለፈ ደኅና አድርጎ አያብብም። ለተመልካች ሁሉ በገዛ እጁ የበቀለ ይመስለዋል፤ ነገር ግን አብዛኛው የሰው ሥራ ነው፤ ያውም ብዙ ክርክር ያስነሣ ሥራ።

ቀድሞ ሣር የሚታጨደው እጀታው በረዘመ ማጭድ ስለ ነበረ፥ የተስተካከለ ሜዳ ሊኖረው የሚችል ብዙ አጫጆች የሚቀጥር ባለጸጋ ብቻ ነበር። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1830 ዓ.ም. በስትራውድ አካባቢ የሚኖር ኤድዊን በዲንግ የተባለ ብልኅ ሰው የሣር ማጨጃ መኪና ሠራ። አሳቡን ያገኘው በሱፍ ፋብሪካ የጨርቁን ጠጉር ከሚላጨው መኪና ነው፤ እንግዲህ ሣሩም እንደ ጨርቅ ይላጭ ጀመር። በ1845 ደግሞ የመስተዋት ቀረጥ ተነሣ። መስተዋት ሲረክስ ጊዜ ባለጸጎች የሞቃት አገር አበቦችን በመስተዋት ቤት እያሳደጉ፥ ሙቀቱ ሲመጣ አውጥተው በመደብ ላይ እንደ ምንጣፍ ጥለት ይደረድሯቸው ነበር። ብርዱ ሲመለስ አበቦቹ ተነቅለው ብዙው መደብ ባዶ አፈር ሆኖ ይቀራል።

ይህን ልማድ አጥብቆ የተቃወመው ዊልያም ሮቢንሰን ነው። በ1838 በአየርላንድ ተወልዶ በ1861 ወደ ለንደን በመምጣት በሪጀንትስ ፓርክ የአትክልት ሠራተኛ ሆነ። በ1870 «የዱር አትክልት» የተባለውን መጽሐፉን ሲያሳትም፥ ብርድ የሚችል አበባ ያለ ብዙ ድካም ራሱን ችሎ በሚኖርበት ስፍራ ይተከል ሲል መከረ። ሜዳውን ሁሉ በየጊዜው ማጨድ ከንቱ ወጪ ነው፤ ሣሩ ለድርቆሽ እስኪደርስ ይቈይ፤ አበባውም በመካከሉ ይኑር አለ።

የነገሩ ችግር ያለው ከዚህ ላይ ነው። የዳፎዲል አበባ ከረገፈ በኋላ ቅጠሉ ገና ሥራ አለበት፤ በፀሐይ ብርሃን የሠራውን ምግብ ወደ ራሱ እያወረደ የከርሞውን አበባ ያሰናዳል። ስለዚህ ቢያንስ ለስድስት ሳምንት ያህል ማጨጃ ሊነካው አይገባም። በዚህ መካከል ሣሩ ይረዝማል፤ ቅጠሉም ብጫ ሆኖ ይጋደማል፤ ለዓይንም አያምርም። ባለቤቱ ትዕግሥት አጥቶ መኪናውን ቢያስነዳበት ራሱ ይደክምና ከርሞ ቅጠል እንጂ አበባ አያይም፤ ያን ጊዜም ሽንኩርቱን የሸጠለትን ነጋዴ ይወቅሳል። ክሮከስና ስኖውድሮፕ ቶሎ ስለሚያብቡ ቅጠላቸውም ቀድሞ ይደርቃልና የሚጠይቁት ትዕግሥት ያነሰ ነው። በእኔ አስተያየት ሮቢንሰን ከሰዎች የጠየቀው ከባዱ ነገር ገንዘብ አልነበረም፤ እነዚያን ጥቂት ሳምንታት የጎረቤትን ሐሜት ችሎ መቀመጥ ነበር።

እርሱስ ምክሩን በገዛ መሬቱ ላይ ፈትኖታል። ከመጽሐፍና ከጋዜጣ ባገኘው ገንዘብ በ1880ዎቹ ዓመታት በሰሴክስ ግሬቭታይ የተባለውን ጥንታዊ ቤት ከነመሬቱ ገዝቶ፥ በሣሩ መካከል ዳፎዲል በሺህ በሺህ አስተከለ። በ1892 ሬጂናልድ ብሎምፊልድ የተባለ የሕንጻ ሊቅ፥ አትክልት የቤቱን መሥመር ተከትሎ በሥርዓት ሊቀየስ ይገባል ብሎ በመጽሐፍ ቢነሣበት፥ ሮቢንሰንም በዚያው ዓመት በመጽሐፍ መለሰለት። የሚያስገርመው ግን ሮቢንሰን ራሱ ከቤቱ አጠገብ ያስቀየሰው መደብ ቀጥ ያለ ባለ አራት ማዕዘን ነው! ዱሩን የፈቀደው ራቅ ካለው ሜዳ ላይ ነበር።

በሽምግልናው ወድቆ ስለ ተጎዳ በተሽከርካሪ ወንበር እየተገፋ አትክልቱን ይጎበኝ ነበር። በ1935 በ96 ዓመቱ ሲሞት ርስቱን ለመንግሥት የደን መሥሪያ ቤት ተናዘዘ። ቤቱ ከ1958 ጀምሮ ሆቴል ሆነ፤ እንግዶችም በፀደይ ወደዚያ ሲሄዱ ዳፎዲሉን ከሣሩ መካከል ወጥቶ ያገኙታል።