ከአራተኛ ክፍል በላይ፤ የመምህራን ማኅበርና የይፋት ቆላ ተማሪ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ ጣርማበርን አልፎ ደብረ ሲናን ከተሰናበተ በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወስደዋል፤ የደጋው ብርድ ከትከሻው ሳይለቅም የቆላው ሙቀት ይቀበለዋል። ሸዋ ሮቢት በዚህ ቁልቁለት ግርጌ፣ በሮቢ ወንዝ አጠገብ፣ ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ምድሩ የማሽላ፣ የማሾ፣ የሽንኩርትና የትንባሆ ምድር ነው። ወደ ሰሜን አለፍ ሲባል በሰንበቴ ገበያ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ ይገናኛሉ። በዚህ ስፍራ የአንድ መምህር ሥራ ምን ይመስል እንደ ነበር ሳይታወቅ፣ የመምህራን ማኅበር ለተማሪው ምን ሠራ የሚለውን ጥያቄ መመለስ የሚቻል አይመስለንም።

በይፋት ከዘመናዊው ትምህርት ቤት በፊት ትምህርት አልነበረም ማለት ስሕተት ነው። ከ13ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የይፋት ሱልጣኖች መቀመጫ በነበረው በዚህ አገር የቁርኣን ትምህርት ሥር የሰደደ ነው፤ የጎዜ መስጊድም ስም ያለው የትምህርት ስፍራ ነበር። በአብያተ ክርስቲያናቱ ቅጥርም ፊደልና ዳዊት ይቆጠር ነበር። መንግሥት የሚከፍተውና ለማንኛውም ልጅ በሩ ክፍት የሆነው ትምህርት ቤት ግን ወደ ቆላው ዘግይቶ ወረደ። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ በ1901 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የመጀመሪያዎቹ አስተማሪዎች ከግብጽ የመጡ ናቸው። ከጠላት ወረራ በኋላ፣ በ1937 ዓ.ም. ግድም፣ የመምህራን ማሠልጠኛ የተጀመረው በዚያው በምኒልክ ግቢ ነው። በ1941 ዓ.ም. ደግሞ 32 መምህራን ተሰብስበው ማኅበራቸውን የመሠረቱት በዚያው ትምህርት ቤት ነው። ማሠልጠኛውና ማኅበሩ ከአንድ ግቢ መውጣታቸው በአጋጣሚ ቢሆንም ሊዘነጋ አይገባውም፤ ሙያውና የሙያው ድምፅ እኩያሞች ናቸው ማለት ነውና።

ለገጠር መምህራንን የማዘጋጀቱ ሙከራ ከይፋት ሩቅ አልነበረም። በ1940ዎቹ ዓመታት በመጀቴ ለማኅበረሰብ ትምህርት ቤቶች መምህራንን ማሠልጠን ተጀምሮ፣ ሥራው በኋላ በደብረ ብርሃን ሰፋ። ከማሠልጠኛው የወጣው ወጣት ብዙ ጊዜ የደጋ ልጅ ነው። ቆላ ሲመደብ አስቀድሞ የሚያስተናግደው ወባ ነው። ቀጥሎ የሚገጥመው የስም መዝገቡ ነው። በመስከረም የሞላው ክፍል ማሽላው ሲያሽት ይሳሳል። ግሪሳ በማሳው ላይ እንደ ደመና ሲወርድ ልጁ ወንጭፉን ይዞ ማማ ላይ ይወጣል እንጂ ትምህርት ቤት አይሄድም፤ አንድ ሳምንት የተዘናጋ ቤተሰብ የዓመት ቀለቡን ያጣልና በአባቱ መፍረድ አይቻልም። ብልህ መምህር ከወላጅ ጋር ይደራደራል፤ ወፍ ጥበቃው በወንድማማቾች ተራ እንዲሆን ይለምናል፤ ያመለጠውን ትምህርት ከሰዓት በኋላ ያስጠናል። ይህ ሥራ በደመወዝ መዝገብ ላይ አይታይም።

የ1966 ዓ.ም. ክርክር ሲነሣ መምህሩ ያሰበው ይህንን ልጅ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። መንግሥት በ1964 ዓ.ም. በዓለም ባንክ ድጋፍ፣ በ14 የጥናት ቡድኖች፣ የአገሪቱን ትምህርት ከሥር እስከ ላይ አስጠና። ሴክተር ሪቪው በሚል ስም የታወቀው ይህ ጥናት በምርመራው ብዙ እውነት ተናግሯል። ትምህርቱ ከተማ ለከተማ መሰብሰቡን፣ የገጠሩ ሕፃን ደጅ ላይ መቅረቱን፣ ከትምህርት ቤት የሚወጣው ወጣትም ሥራ እንደማያገኝ ገልጧል። መድኀኒቱ ግን መራራ ነበር። ለብዙኃኑ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት እንዲዳረስ፣ ከዚያ በላይ የሚቀጥሉት ቁጥር ግን የተወሰነ እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ። ለሸዋ ሮቢት አካባቢ ገበሬ ልጅ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ መገመት አያዳግትም። አራተኛ ክፍል ጨርሶ ወደ ማማው ይመለሳል፤ የባለሥልጣኑና የነጋዴው ልጅ ግን መንገዱ አይዘጋበትም። ክፍል ውስጥ የሚውሉት መምህራን በማኅበራቸው በኩል የጥናቱ ተካፋይ አለመደረጋቸው ነገሩን አባሰው።

ማኅበሩ ሰኞ የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የሥራ ማቆም አድማ መታ። ጥያቄው ሁለት መልክ ነበረው፤ ጥናቱ እንዲታገድና ለብዙ ዓመታት ሲንከባለል የቆየው የደመወዝ ጉዳይ እንዲፈታ። በዚያው ቀን የታክሲ ነጂዎች በነዳጅ ዋጋ መወደድ ሥራ አቆሙ፤ ተማሪዎችም ተቀላቀሉ። የካቲት 16 ቀን የነዳጁ ዋጋ ሲቀነስ ሴክተር ሪቪውም መታገዱ ተነገረ። ከጥቂት ቀናት በኋላ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወረደ። ከአንድ ዓመት በፊት የወሎ ረሃብተኞች በዚሁ በደሴ መንገድ ዳር ተሰልፈው ሲለምኑ የታየበት ዘመን መሆኑን ለሚያስታውስ፣ ሕዝቡ ለምን እንደዚያ ፈጥኖ እንደ ተነሣ ግልጽ ነው።

መምህራኑ የታገሉት ለተማሪው ነው ወይስ ለኪሳቸው? ይህ ጥያቄ ያን ጊዜም ተነሥቷል፤ ዛሬም ይነሣል። በእኛ አስተያየት ሁለቱን መነጠል የማይቻል ነው። የቤት ኪራይ መክፈል ያቃተው መምህር ቆላውን ጥሎ ወደ ከተማ ይሸሻል፤ እሱ ሲሸሽ ክፍሉ ይዘጋል። ይሁን እንጂ ማኅበሩ ሊወቀስ የሚገባው ነጥብ አለ። ጥናቱን ካሳገደ በኋላ፣ ጥናቱ ያነሣውን እውነተኛ ጥያቄ፣ ማለትም ትምህርት ቤት ጭራሽ ያላየው የገጠር ሕፃን እንዴት ይድረሰው የሚለውን፣ የራሱን መልስ ይዞ አልቀረበበትም። አብዮቱ ፋታ አልሰጠውም ይባል ይሆናል።

መልሱ ከሌላ አቅጣጫ መጣ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. በተጀመረው የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። በ1969 ዓ.ም. ግድም የወጣው አዋጅ ቁጥር 103 የትምህርት ቤት አስተዳደርን ለሕዝብ ኮሚቴ ሰጠ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ተካሄደ፤ የዓለም አቀፍ ሽልማትም አስገኘ። ከቋንቋዎቹ አንዱ አፋርኛ ነበር፤ አርጎብኛ ግን አልተካተተም። ጥቁር ሰሌዳው ከዛፍ ሥር ሲተከል ሸክሙን የተሸከመው መምህሩና ተማሪው ነው። የነጻ ማኅበር ድምፅ ግን በዚያ ዘመን ታፍኖ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ አሳዛኝ ነው፤ በአጭሩ እንለፈው። በ1985 ዓ.ም. ማኅበሩ ለሁለት ተከፈለ። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሲወጣም መምህራን አልተማከሩም የሚል ቅሬታ እንደገና ተሰማ። ከሁለቱ ወገኖች የአንዱ ፕሬዚዳንት ዶክተር ታዬ ወልደ ሰማያት በ1988 ዓ.ም. ታሰሩ፤ የተፈቱት በ1994 ዓ.ም. ነው። የማኅበሩ ኃላፊ አቶ አሰፋ ማሩ ሚያዝያ 30 ቀን 1989 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። ጉዳዩ እስከ ዓለም ሥራ ድርጅት ደርሷል።

ይፋትን በቅርቡ የገጠማት ደግሞ ከወባና ከግሪሳ የከፋ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬና አካባቢዋ ተቃጠሉ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ደረሰ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የተነሣው ግጭትም ብዙ ትምህርት ቤቶችን አዘጋ። ቅዳሜ ስንቁን ከገጠር አምጥቶ በከተማ በኪራይ ቤት የሚማረው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ መንገድ ሲዘጋ ስንቁም ትምህርቱም አብረው ይቋረጡበታል። መምህሩም በመንገዱ ላይ ያለው ፍርሃት ከተማሪው የማያንስ ነው።

በ1966 ዓ.ም. ወጣት የነበሩት መምህራን ዛሬ በሰባዎቹና በሰማንያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ይገኛሉ። በይፋት ቆላ ያስተማሩት ስለዚያ የካቲት ወር፣ ስለ ስም መዝገቡና ስለ ወፍ ጥበቃው ድርድር የሚያስታውሱትን በጽሑፍ ወይም በቴፕ ማሰባሰብ ተገቢ ነው። የወረዳ ቅርንጫፎች በዚህ ዓመት ሊይዙት የሚችሉት ሥራ ነው፤ የሚጠይቀውም አንድ ደብተርና ጥቂት ቅዳሜዎች ብቻ ነው።