ንግሥት፣ እቴጌ፣ ወይዘሮ

የኢትዮጵያን ታሪክ ከአገሩ ቋንቋ ወደ ባዕድ ቋንቋ፣ ከባዕዱም መልሶ ወደ አማርኛ የሚተረጉም ሰው የቤተ መንግሥት ታላላቅ ሴቶችን በሚያገኝበት ስፍራ ሁሉ «ንግሥት» በሚለው አንድ ቃል መገላገል ይቀናዋል። በዚህ አኳኋን እሌኒ፣ ምንትዋብ፣ ጣይቱ፣ ዘውዲቱና መነን በአንድ ስም ይጠራሉ። ከእነዚህ ከአምስቱ መካከል በራስዋ ስም ዙፋን የያዘችው አንዲቱ ብቻ መሆንዋን ግን ቃሉ አይናገርም።

«ንግሥት» «ነግሠ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ሲሆን በቀጥታ ሲፈታ የነገሠች ማለት ነው። በማቴዎስ ወንጌል «ንግሥተ አዜብ» የተባለችው፣ ክብረ ነገሥትም ማክዳ ብሎ የሚተርክላት ሴት በገዛ ዙፋንዋ የተቀመጠች ገዥ ናት። ይሁን እንጂ በግእዝ የተጻፉት ዜና መዋዕሎች ይህንኑ ስም ለንጉሥ ሚስትም ለንጉሥ እናትም ስለሚሰጡ፣ አንባቢ ቃሉን ብቻ አይቶ የባለስሟን ሥልጣን ሊለካ አይችልም። ለዚህ እሌኒ ጥሩ ምስክር ናቸው። ከሐድያ ገዥ ቤት መጥተው የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሚስት በሆኑ ጊዜ የተሰጣቸው ማዕርግ «ቀኝ በዓልቲሐት» የሚል ነበር፤ ሌላይቱ ሚስት «ግራ በዓልቲሐት» ተብላለች። ቀኝና ግራ መባሉ፣ በወንዶቹ ሹመት እንደነበረው ሁሉ፣ የክብር ደረጃን ያመለክታል። እሌኒ ግን ብዙ ዘመን ቆይተው፣ ልብነ ድንግል በ1500 ዓ.ም. በልጅነቱ ሲነግሥ፣ የመንግሥቱን ሥራ የመሩና ማቴዎስ የተባለውን መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል የላኩ ናቸው። ይህን ያህል ሥልጣን የያዙት ንግሥት በመባላቸው ሳይሆን በዕድሜ፣ በዕውቀትና በቤተ መንግሥቱ ባላቸው ተሰሚነት ነው።

ከዚህ ይልቅ ጠበብ ያለ ትርጉም ያለው «እቴጌ» ነው። እቴጌ የምትባለው የንጉሠ ነገሥት ሚስት ወይም እናት ሆና ዘውድ የጫነች ሴት ናት፤ ክብርዋም የሚቆመው በሌላ ሰው ንግሥና ላይ ነው። ነገሩ እንዲህ ሲባል ቀላል ይመስላል፤ የጎንደር ታሪክ ግን እንዴት እንደሚወሳሰብ ያሳያል። ዐፄ በካፋ ሞተው ልጃቸው ኢያሱ በሕፃንነቱ ሲነግሥ ምንትዋብ በ1723 ዓ.ም. ዘውድ ጭነው፣ ስመ መንግሥታቸውም ብርሃን ሞገሳ ተብሎ፣ ከልጃቸው ጋር ገዙ። ኢያሱ በ1747 ዓ.ም. ሲሞቱ የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ ነገሠ። በዚህ ጊዜ የኢዮአስ እናት ውቢት፣ ምንትዋብ በልጃቸው ዘመን ያገኙት መብት አሁን ለእኔ ይገባል ብለው ተነሡ። ጥያቄያቸው ከስሙ ፍቺ አንጻር ሲታይ ውድቅ አልነበረም። ምንትዋብ ግን ስፍራውን አለቀቁም፤ የሁለቱ ቤተ ዘመድ ፉክክርም ለጎንደር መንግሥት መዳከም ምክንያት ከሆኑት አንዱ ነው። በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በመጽሐፉ ምንትዋብን የሚጠራው «እቴጌ» የሚለውን የአገሩን ስም እንዳለ በመያዝ ነው። ከእርሱ በኋላ የመጡ ብዙ ጸሐፊዎች ይህን ጥንቃቄ ቢከተሉት መልካም ነበር።

ጣይቱ ብጡል ዳግማዊ ምኒልክ በነገሡ በሁለተኛው ቀን፣ ጥቅምት 27 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ ጭነው እቴጌ ተባሉ። ባላቸው በጽኑ ሲታመሙ መንግሥቱን በእጃቸው ይዘው ሹም ይሽሩና ይሾሙ ነበር፤ ሆኖም መኳንንቱ በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ከመንግሥት ሥራ አግልለው በሽተኛውን እንዲያስታምሙ ብቻ ወሰኑባቸው። ንጉሠ ነገሥቱ መናገር በተሳናቸው ጊዜ እቴጌነት ብቻውን መከላከያ ሊሆን አልቻለም።

ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ እስከዚያ ቀን ድረስ «ወይዘሮ» ይባሉ የነበሩት የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ ተመረጡ። የተሰጣቸው ስም «ንግሥተ ነገሥታት» ነው። እቴጌ ቢባሉ ኖሮ ንጉሠ ነገሥቱ ማን ነው የሚል ጥያቄ ይከተል ነበር፤ መኳንንቱም ባላቸው ራስ ጉግሣ ወሌ በዚያ በር እንዳይገቡ ሁለቱን አለያይተው ራስ ጉግሣን ወደ በጌምድር ሰደዱ። ራስ ጉግሣ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንችም ላይ በጦርነት ሞቱ፤ ዘውዲቱም በሁለተኛው ቀን አረፉ። በሚከተለው ዓመት ጥቅምት 23 ቀን ከባላቸው ጋር ዘውድ የጫኑት መነን አስፋው እንደገና በቀድሞው ስም እቴጌ ተባሉ። ዘውዲቱም መነንም «ግርማዊት» ይባሉ ስለነበር፣ አርእስቱን ብቻ የሚያይ ሰው ሁለቱን ማዕርጎች ቢያምታታ አያስደንቅም። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ደግሞ ዙፋኑን የሚወርሰው ወንድ ብቻ እንዲሆን ስለ ደነገገ «ንግሥተ ነገሥታት» የሚለው ስም በሕግ ተዘጋ።

ስለ «ልዕልት» እና «እመቤት ሆይ» ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ሁለቱም በኋለኛው ዘመን ቤተ መንግሥት በደንብ የተደለደሉ የማዕርግ ስሞች ናቸው። «ወይዘሮ» ግን ረጅም መንገድ የተጓዘ ቃል ነው። በጎንደር ዘመን የነገሥታት ዘር የሆነች ሴት መጠሪያ ነበር፤ ብሩስ «ኦዞሮ» እያለ የሚጽፍላት አስቴር የእቴጌ ምንትዋብ ልጅና የራስ ሚካኤል ስሑል ሚስት ናት። ከዚያ ወደ መኳንንት ሚስቶች ወረደ፤ በኋላም ባል ያገባች ሴት ሁሉ ስም ሆነ፤ ላላገባችውም «ወይዘሪት» ተለየላት። በ1967 ዓ.ም. ዘውዱና የማዕርግ ስሞች በአዋጅ ሲሻሩ እቴጌም ልዕልትም ከመንግሥት መዝገብ ወጡ። «ወይዘሮ» ግን አስቀድሞ የሕዝብ ሆኖ ስለነበር፣ ዛሬም በመሥሪያ ቤት ቅጽ ላይ «ወ/ሮ» ተብሎ በባለጉዳይዋ ስም ፊት ይጻፋል።