የጠመንጃው ስም፣ የጥይቱ ምንጭ
በቸርቸር ምድር የታየ የሁለት ተመሳሳይ ጠመንጃዎች ምርጫ ታሪክ

በአገራችን የጠመንጃ ታሪክ ከመዝገብ ይልቅ በብዛት የሚገኘው በፉከራና በቀረርቶ ውስጥ ነው። ሰናድር፣ ውጅግራ፣ ምንሽር፣ ቤልጅግ እየተባሉ የተሞገሱት መሣሪያዎች ከባለቤቶቻቸው እኩል ስም አትርፈዋል። ፈረንሳዮች «ፉዚ ግራ» የሚሉትን ጠመንጃ ሕዝቡ «ውጅግራ» ብሎ ሲጠራው የባዕዱን ስም ወርሶ የራሱ አድርጎታል። የውጅግራ ጥይት በየትኛው ፋብሪካ እንደተሠራ፣ በማን ፈቃድ ባሕር እንደተሻገረና ባለ ፋብሪካው እምቢ ያለ ዕለት ምን እንደሚከተል ግን ፎካሪው አይነግረንም። ፉከራ ጠመንጃውን ያወድሳል፤ ጥይቱን የላከውን አይጠራም።

ሁለት የሚመሳሰሉ ጠመንጃዎች ሲቀርቡ የትኛው ይመረጣል? ጥያቄው የአዳኝም፣ የወታደርም፣ የመንግሥትም ጥያቄ ሆኖ ኖሯል። አዳኙ ክብደቱንና አነጣጠሩን ይመዝናል፤ ወታደሩ በጭቃና በአቧራ ውስጥ የማይከዳውን ይሻል፤ መንግሥት ደግሞ ሳይወድ በግድ ከሁሉ አስቀድሞ ሻጩን ማየት አለበት። ይህን ጉዳይ ለመመርመር የምዕራብ ሐረርጌን ያህል አመቺ ስፍራ ማግኘት ያስቸግራል። ከባሕር ወደ ሸዋ የሚወስደው መንገድ በቸርቸር ደጋ ወይም ከሥሩ ባለው ቆላ ያልፋልና፣ ወደ መሐል አገር ከገባው የጦር መሣሪያ ብዙው ይህን ምድር ረግጦ አልፏል።

ሬሚንግተንና ውጅግራ

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የመጨረሻ ሩብ ላይ ኢትዮጵያዊው ባለ ጦር በእጁ ከገቡት መሣሪያዎች መካከል ሁለቱ በጣም ይቀራረቡ ነበር። አንደኛው የአሜሪካ ሥሪት የሆነው ሬሚንግተን፣ ሁለተኛው በ1874 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ጦር ሠራዊት የጸደቀው ውጅግራ ነው። ሁለቱም አንድ ጎራሽ ናቸው፤ ሁለቱም ከኋላ ይጎርሳሉ፤ ሁለቱም ጢስ በሚተፋ ጥቁር ባሩድ ይተኩሳሉ፤ የአፋቸውም ስፋት ወደ 11 ሚሊሜትር ይጠጋል። ይሁን እንጂ የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። ከሩቅ ወንድማማች የሚመስሉትን ሁለቱን ጠመንጃዎች የሚለያያቸው ይህ ነበር።

ሬሚንግተን በብዛት የገባው በግዢ ብቻ አልነበረም። ግብፅ ሠራዊቷን ያስታጠቀችው በዚሁ መሣሪያ ስለነበረ፣ በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራ ድል በሆነች ጊዜ ጠመንጃውም ጥይቱም በአፄ ዮሐንስ ሠራዊት እጅ ወደቀ። በዚያው ዓመት ሐረርን የያዘው ሌላው የግብፅ ጦር ደግሞ በ1877 ዓ.ም. ከተማዪቱን ለቅቆ ሲወጣ ከመሣሪያው ጥቂቱ ለአሚር አብዱላሂ ቀረ። ስለዚህ በ1879 ዓ.ም. የገና ሰሞን የንጉሥ ምኒልክና የአሚሩ ጦር ጨለንቆ ላይ ሲገናኙ፣ ሬሚንግተን በሁለቱም ወገን ይጮኽ ነበር። ውጊያውን የወሰነው የጠመንጃው ዓይነት ሳይሆን ብዛቱና የጥይቱ ክምችት ነው።

ከጨለንቆ በስተምዕራብ ባለው የኢቱ ኦሮሞ ምድር ግን ምርጫ የሚባል ነገር አልነበረም። ጦርና ጋሻ የያዘ ሕዝብ ከከርቀት የሚገድል መሣሪያ መጣበት። ነፍጥ የያዘው ነፍጠኛ ተባለ፤ መሬቱን ያጣው አራሽ ገባር ሆነ፤ አንድ የመሣሪያ ስም የመደብ ስም እስከ መሆን ደረሰ። የሰናድርንና የውጅግራን ውዳሴ በምናጠናበት ጊዜ በአፈሙዙ ፊት የቆመውን ሰው ከታሪኩ ማስወጣት አይገባም።

ጨለንቆ በተዋጋበት ዓመት አንድ ፈረንሳዊ ነጋዴ ከታጁራ ተነሥቶ በአፋር በረሃ በኩል ሸዋ ገባ። ይህ ሰው ቅኔን በወጣትነቱ ትቶ ወደ ንግድ የገባው አርቱር ራምቦ ነው። በግመሎቹ ላይ 2,040 ያረጁ ባለ ቆብ ጠመንጃዎችና 60,000 የሬሚንግተን ጥይቶች ተጭነው ነበር። ጭነቱ ራሱ ብዙ ይናገራል። አውሮፓ የጣለችው አሮጌ ጠመንጃ ወደ አፍሪካ ይላካል፤ የሚፈለገው ጥይት ግን በቁጥር ተሰፍሮ ይመጣል። ራምቦ ከእንጦጦ ወደ ሐረር የተመለሰው በአዲሱ የኢቱና የቸርቸር መንገድ ነበር።

ጥይት ከዚያ በኋላ ከመሣሪያነት አልፎ ገንዘብ እስከ መሆን ደርሷል። በአገሪቱ አንዳንድ ገበያዎች እንደ አሞሌ ጨው ሁሉ የውጅግራ ጥይትም ለማርትሬዛ ብር ዝርዝር መልስ ሆኖ ይሰጥ ነበር። ገበያተኛው የተረዳውን ምኒልክም ተረድተውት ነበር። ከኢጣሊያ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ጥይት ከተረከቡ በኋላ በ1885 ዓ.ም. የውጫሌን ውል ማፍረሳቸውን ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቁ። ሦስት ዓመት ቆይቶ ዐድዋ ሆነ። ምኒልክ ከአንድ ሻጭ ብቻ ባለመገዛዛታቸው፣ ከፈረንሳይም ከሌላውም በመግዛታቸው፣ አንዱ በሩን ቢዘጋ ሌላው ይከፈትላቸው ነበር።

ከአሰበ ተፈሪ እስከ ጄኔቭ

የምድር ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ፣ በኋላም በሚኤሶና በአዋሽ በኩል ወደ አዲስ አበባ ሲዘልቅ፣ የጥይት መንገድ ከግመል ጀርባ ወደ ፉርጎ ተዛወረ። ይህም መሸከሙን ሲያቀልል መዝጋቱንም አቀለለ። ጅቡቲ ላይ የተቀመጠ አንድ ሹም በአንድ ፊርማ የመላ አገሪቱን ዝናር ባዶ ሊያስቀር ይችላል።

ይህን እውነት ከማንም ይልቅ በቅርብ ካዩት ሰዎች አንዱ የአሰበ ተፈሪ ከተማ መሥራች ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ለእኛ ለተውኔት ሰዎች ተክለ ሐዋርያት ከሁሉ አስቀድሞ «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተሰኘው የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት ደራሲ ናቸው። በሙያቸው ግን ሩሲያ ውስጥ የተማሩ የመድፍ መኮንን ነበሩ። በ1910ዎቹ ዓ.ም. ማገባደጃ የቸርቸር ገዥ ሆነው ሲሾሙ የአውራጃውን ማዕከል ከኩኒ አንሥተው ዛሬ ጭሮ በምትባለው ስፍራ አቆሙ፤ ቸርቸርንም የአስተዳደር ማሻሻያ መሞከሪያ አደረጓት። የመድፍን ስሌት የተማሩት ሰው በቸርቸር ጉልበታቸውን ያፈሰሱት ግብርን በሥርዓት በማስያዝና ከተማ በማቆም ላይ ነበር።

በ1922 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ በተፈረመ ውል ኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ በሕግ የማስገባት መብት አገኘች። ከዚያም የቤልጅግ ፋብሪካ የሠራው አጭር መውዜርና የጀርመኑ መውዜር ወደ አገር ገቡ። እነዚህም በጣም የሚመሳሰሉ ነበሩ፤ ከሬሚንግተንና ከውጅግራ የሚለዩት ግን ሁለቱም አንድ ዓይነት የ7.92 ሚሊሜትር ጥይት በመጉረሳቸው ነው። ምርጫው ለመጀመሪያ ጊዜ ከጥይቱ የተነሣ ይመስላል፤ ግን ዘግይቷል። በ1927 ዓ.ም. መጨረሻ የፋሺስት ወረራ ሲቃረብ ፈረንሳይና ብሪታንያ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከሉ። ክልከላው በቃል እኩል፣ በሥራ ግን ዐመፅ ነበር፤ ኢጣሊያ ጥይቷን ራሷ ትሠራለች፣ ኢትዮጵያ አትሠራም። በጄኔቭ የመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው የአገራቸውን ጉዳይ የተሟገቱት የኢትዮጵያ መልእክተኛ እነዚሁ የአሰበ ተፈሪ መሥራች፣ እነዚሁ የመድፍ መኮንንና ተውኔት ጸሐፊ ነበሩ። በጦር ሜዳ የተሰለፈው የክተት ሠራዊት ደግሞ ዓይነቱ የተቀላቀለ ጠመንጃ ይዞ፣ የአንዱ ዝናር ለሌላው ሳይተርፍ ተዋጋ።

ጋራንድና ሲሞኖፍ

ከድል በኋላ ጥያቄው በአዲስ መልክ ተመለሰ። የቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ሲዘምት የአሜሪካን መሣሪያ ታጠቀ፤ በ1945 ዓ.ም. ከዩናይትድ ስቴትስ ጋር የተፈረመው የመከላከያ ስምምነትም ያንኑ መሣሪያ ወደ አገር ቤት ጦር አመጣው። ከመካከሉ ዋነኛው ኤም ዋን ጋራንድ የሚባለው ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ ነው። ተኳሹ ምላጩን በሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ይተኩሳል፤ የባሩዱ ጋዝ ቀለሁን አውጥቶ ተከታዩን ያጎርሳል። በሶቪየት ኅብረት ሰርጌይ ሲሞኖፍ የሠራው ጠመንጃም የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው።

ሁለቱን ጎን ለጎን ብናስቀምጣቸው ጋራንድ ስምንት ጎራሽ፣ ሲሞኖፍ ዐሥር ጎራሽ ነው። የጋራንድ ባዶ ክብደት ወደ 4.3 ኪሎ፣ የሲሞኖፍ 3.85 ኪሎ ይሆናል። ጋራንድ ርቆ ይመታል፣ ምቱም ይከብዳል፤ ሲሞኖፍ ትከሻን አይጎዳም፣ ሳንጃውም ከራሱ ጋር ይታጠፋል። የጋራንድ ስምንት ጥይቶች የሚገቡት በአንድ የብረት ክሊፕ ተይዘው ነው፤ ክሊፑ ከጠፋ ባለ ስምንቱ ጠመንጃ ወደ አንድ ጎራሽነት ይመለሳል። ሲሞኖፍ ግን ጥይት አንድ በአንድም ቢሆን በካዝናው ይቀበላል። የሁለቱም ካሊበር 7.62 ሚሊሜትር ይባላል። ሆኖም የጋራንድ ቀለህ 63፣ የሲሞኖፍ 39 ሚሊሜትር ርዝመት አለው። የኤም ዋን ካርባይን፣ ያውም የጋራንድ አገር ልጅ፣ 33 ሚሊሜትር ነው። ቁጥሩ አንድ፣ ጥይቱ ሦስት!

በ1969 ዓ.ም. ይህ የሚሊሜትር ልዩነት የአገር ህልውና ጥያቄ ሆነ። በሚያዝያ ከአሜሪካ ጋር የነበረው ወታደራዊ ግንኙነት ተበጠሰ፤ የተከፈለበት መሣሪያ ሳይቀር ሳይደርስ ቀረ። በሐምሌ የሶማሊያ መደበኛ ጦር ወረራውን ጀመረ። ያ ጦር የታጠቀው ደግሞ የሶቪየትን መሣሪያ ነበር። የባቡሩ ሐዲድ ሲቆረጥ ከአዋሽ በአሰበ ተፈሪ፣ በሂርናና በጨለንቆ አድርጎ ወደ ሐረር የሚወጣው የተራራ መንገድ ሸክሙ በዛበት። ያረጀው የራምቦ አቅጣጫ እንደገና የጥይት መንገድ ሆነ። በሶቪየት ርዳታ ሲሞኖፍና ክላሽንኮቭ ሲገቡ፣ ወገንና ጠላት አንድ ዓይነት ጥይት የሚተኩሱበት ጊዜ መጣ። ዘጠና ዓመት ቀደም ብሎ ሬሚንግተን ጨለንቆ ላይ እንዳደረገው መሆኑ ነው። በየካቲት 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ነፃ ወጣች። ድሉ በደም የተገዛ ድል ነው፤ ጥይቱ ግን ዕዳ ሆኖ ቀረ። ከአንዱ ኃያል ጥገኝነት ወደ ሌላው የተሻገረው አገር ቀጣዮቹን ዓመታት የኖረው በዚያ ዕዳ ሥር ነበር።

ስለዚህ «ጋራንድ ይሻላል ወይስ ሲሞኖፍ?» ለሚለው ጥያቄ ሁለት መልስ አለ። ለዒላማ ተኳሹና ለአዳኙ መልሱ በትከሻውና በዓይኑ ነው፤ በሌላው ዓለም ሁለቱም ከጦር ሜዳ ጡረታ ወጥተው የስፖርት መሣሪያ ሆነዋልና በሰላም ሊወዳደሩ ይችላሉ። ለአንድ አገር ግን ጠመንጃ መምረጥ ጥይት ሰጪን መምረጥ ነው። ጠመንጃ አንዴ ተገዝቶ ሃምሳ ዓመት ያገለግላል፤ ጥይት በየውጊያው ያልቃል፤ ለማኝነት የሚጀምረውም ከዚህ ላይ ነው።

በምዕራብ ሐረርጌ ሌላም ወገን አለ፤ ምርጫው ለእርሱ ለውጥ የሌለው። በኩኒና በሙክታር ተራሮች ደን፣ በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ መጠለያ የተከለለለት የደጋ አጋዘን በሕገ ወጥ አደንና በደን ጭፍጨፋ ክፉኛ ተመናምኗል። አጋዘኑን የሚጥለው ጥይት 63 ይሁን 39 ሚሊሜትር ምንም ልዩነት የለውም። የጦር መሣሪያን አያያዝ የሚወስነው አዋጅ ቁጥር 1177 በ2012 ዓ.ም. ቢወጣም፣ ሕጉ ሥር የሚሰድደው ጠመንጃ የክብር ምልክት መሆኑ ከልብ ሲወጣ ነው። ይህ ደግሞ የመምህሩና የኪነ ጥበብ ሰው ድርሻ ነው። ውጅግራን ያሞገሰው አፍ ስለ ጥይቱ ዋጋም ሊናገር ይችላል። የመድፍ መኮንኑ ተክለ ሐዋርያት ሹማምንትን ሊነቅፉ በተነሡ ጊዜ የመረጡት መሣሪያ ተውኔት ነበር፤ ጥይቱንም ከማንም አልለመኑም።