የጋዜጠኝነት ሽልማት በምን ይመዘናል? የዘርፎቹ መስፈርትና የዳኞቹ አሠራር

በአዲስ አበባ ልደታ የሚገኘው የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ባለፉት ዓመታት በርካታ ጋዜጠኞችና ጦማሪያን የተከሰሱበት ችሎት ነው። ከእነዚህ ተከሳሾች መካከል ጉዳያቸው ገና ሳይቋጭ፣ አንዳንዶቹም በቃሊቲ ሳሉ በውጭ አገር የተሸለሙ አሉ። ሽልማቱ ሲነገር ብዙ አንባቢዎች የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ተመሳሳይ ናቸው፤ ዳኞቹ እነማን ናቸው? ምን አይተው መረጡ? ሌላው ጋዜጠኛስ ለምን ቀረ? በዚህ ጽሑፍ ሽልማቶቹ በየዘርፋቸው እንዴት እንደሚዳኙ እንመለከታለን።

ሁለት ዓይነት ሽልማት

የጋዜጠኝነት ሽልማቶች በጥቅሉ በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ዓይነት ሰውን ይመዝናል። ጋዜጠኛው ሥራውን ለመሥራት ምን ዋጋ ከፈለ? ጫና ሲበዛበት አቋሙን ጠበቀ ወይ? የሚሉትን ያያል። ሁለተኛው ዓይነት ሥራውን ይመዝናል። በአንድ ዓመት ውስጥ የታተመ ወይም የተላለፈ ዘገባ ለዳኞች ቀርቦ ከሌሎች ዘገባዎች ጋር ይወዳደራል። ሁለቱን ማምታታት ብዙ አለመግባባት ይፈጥራል። የድፍረት ሽልማት ያገኘ ሰው “ምርጥ ጸሐፊ” ተብሎ ተሸለመ ማለት አይደለም፤ ምርጥ ዘገባ ሠርቶ የተሸለመም የግድ የታሰረ ወይም የተሰደደ መሆን አይጠበቅበትም።

ለድፍረትና ለፕሬስ ነፃነት የሚሰጡ

ኢትዮጵያውያን ጋዜጠኞች በብዛት የሚታወቁት በዚህኛው ዘርፍ ነው። ሰርካለም ፋሲል እ.ኤ.አ. በ2007 የዓለም አቀፉን የሴቶች ሚዲያ ፋውንዴሽን የድፍረት ሽልማት አግኝታለች። ከምርጫ 97 በኋላ ታስራ በእስር ላይ ሳለች የወለደች ጋዜጠኛ ናት። ርዕዮት ዓለሙ ይህንኑ ሽልማት እ.ኤ.አ. በ2012፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የዩኔስኮን የጊዬርሞ ካኖ የፕሬስ ነፃነት ሽልማት አግኝታለች። እስክንድር ነጋ እ.ኤ.አ. በ2014 የዓለም ጋዜጦች ማኅበር የሚሰጠውን “ወርቃማ የነፃነት ብዕር” ተሸልሟል። ርዕዮትና እስክንድር እነዚህ ሽልማቶች ሲሰጧቸው እስር ቤት ነበሩ።

የጊዬርሞ ካኖ ሽልማት አሠራር ለዚህ ዘርፍ ጥሩ ማሳያ ነው። ስያሜው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1986 ቦጎታ ውስጥ በጋዜጣው በኤል ኤስፔክታዶር ቢሮ ፊት ለፊት የተገደለው ኮሎምቢያዊ ጋዜጠኛ መታሰቢያ ነው። ሽልማቱ እ.ኤ.አ. በ1997 ተጀመረ፤ መጠኑም 25 ሺህ ዶላር ነው። የሚዲያ ባለሙያዎችን የያዘ ዓለም አቀፍ የዳኞች ቡድን ከቀረቡት ጥቆማዎች መርጦ ለዩኔስኮ ዋና ዳይሬክተር የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል። ዳኞቹ የሚያዩት የአንድን ጽሑፍ ውበት ሳይሆን፣ ሐሳብን በነፃነት የመግለጽ መብትን ለማስጠበቅ በተለይም አደጋን ተጋፍጦ የተደረገን አስተዋጽኦ ነው።

ዘርፉ የተቀረጸበት መንገድም ተሸላሚውን ይወስናል። የዞን ዘጠኝ ጦማሪያንን ጉዳይ እንይ። በሚያዝያ 2006 ስድስት ጦማሪያንና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ፤ ክሳቸውም በልደታ ችሎት ታየ። በሐምሌ 2007 የአምስቱ ክስ ተቋርጦ ተፈቱ፤ በጥቅምት 2008 ደግሞ ፍርድ ቤቱ የቀሩትን ከሽብር ክስ ነፃ አላቸው። በኅዳር 2008 ድንበር የለሽ የጋዜጠኞች ድርጅት በ“ዜጋ ጋዜጠኛ” ዘርፍ ሸለማቸው። በዚያው ዓመት በ“ጋዜጠኛ” ዘርፍ የተሸለመችው ሶርያዊቷ ዘይና ኤርሃይም ስትሆን፣ በ“መገናኛ ብዙኃን” ዘርፍ የቱርኩ ጁምሁሪየት ጋዜጣ ነበር። “ዜጋ ጋዜጠኛ” የሚል ዘርፍ ባይኖር ጋዜጣም ሬዲዮም ያልነበራቸው ጦማሪያን የሚወዳደሩት ከትልልቅ ተቋማት ጋር በሆነ ነበር። በዚያው ወር የጋዜጠኞች ተሟጋቹ ሲፒጄም የዓመቱን ሽልማት ሰጥቷቸዋል።

ሥራን የሚመዝኑ

በዚህኛው ዓይነት በዓለም ላይ በጣም የሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ1917 መሰጠት የጀመረው የአሜሪካው ፑሊትዘር ነው። በአሜሪካ ለሚታተሙ መገናኛ ብዙኃን ብቻ ክፍት ቢሆንም አሠራሩን ማወቅ ሌሎቹን ለመረዳት ይጠቅማል። በየዘርፉ ያሉ ዳኞች የቀረቡትን ሥራዎች አንብበው ሦስት እጩዎችን፣ አንደኛ ሁለተኛ ሳይሉ፣ ለቦርዱ ያቀርባሉ። ቦርዱ በድምፅ ብልጫ ይወስናል፤ የሚመጥን ካላገኘም ዘርፉን ያለ ተሸላሚ ሊያልፈው ይችላል። የቦርድ አባል የራሱ ተቋም ሥራ ሲታይ ከውይይቱ ይወጣል። ዘገባው ላይ የቀረበ ከባድ ቅሬታ ወይም የታተመ ማረሚያ ካለ አመልካቹ አብሮ ማቅረብ አለበት።

መስፈርቱ ከዘርፍ ዘርፍ ይለያያል። በሰበር ዜና ዳኞች የሚያዩት ፍጥነትንና ትክክለኛነትን አንድ ላይ ነው፤ ሰዓታት ሲያልፉ ዘገባው እየጠራና እየሰፋ መሄድ አለበት። በምርመራ ዘገባ የሚታየው ጋዜጠኛው በራሱ ጥረት ያወጣው የተደበቀ እውነት ነው፤ ሰነዱ ምንድን ነው? ምስክሩ ማን ነው? ተከሳሹ ወገን መልስ እንዲሰጥ ዕድል አግኝቷል ወይ? በማብራሪያ ዘገባ ውስብስብ ጉዳይን ለተራ አንባቢ ግልጽ ማድረግ ዋናው ነጥብ ነው። በፊቸር የአጻጻፍ ጥራት ከፍ ያለ ቦታ ይይዛል። በአስተያየት ጽሑፍ ደግሞ የሙግቱ ጥንካሬ ይመዘናል። የሕዝብ አገልግሎት ዘርፍ የወርቅ ሜዳሊያ የሚሰጠው ለተቋም ነው።

ዘርፍ መቀያየር የሚያስከትለውን አደጋ እ.ኤ.አ. በ1981 የዋሽንግተን ፖስቷ ጃኔት ኩክ ታሪክ አሳይቷል። የስምንት ዓመት የሄሮይን ሱሰኛ ሕፃንን ታሪክ የያዘው ጽሑፏ የቀረበው በአካባቢ ዜና ዘርፍ ነበር። ቦርዱ ግን ወደ ፊቸር አዛውሮ፣ የፊቸር ዳኞች ሳያነቡት ሸለመው። ሕፃኑ የፈጠራ ሰው መሆኑ በቀናት ውስጥ ታወቀና ሽልማቱ ተመለሰ።

ፎቶግራፍ እንዴት ይዳኛል?

በ1955 እ.ኤ.አ. በተጀመረው ወርልድ ፕረስ ፎቶ ዳኞች ምስሎቹን የሚያዩት የፎቶግራፈሩ ስም ተሰውሮ ነው። ወደ መጨረሻው ዙር የሚደርሱ ምስሎች ካሜራው ከቀረጸው ዋና ፋይል ጋር ይመሳከራሉ፤ የተጨመረ ወይም የተቀነሰ ነገር ከተገኘ ሥራው ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በ2015 ከመጨረሻው በፊት ወዳለው ዙር ከደረሱት ምስሎች አንድ አምስተኛ ያህሉ በዚህ ምክንያት ወድቀዋል።

ኢትዮጵያዊው የአሶሼትድ ፕረስ ፎቶግራፈር ሙሉጌታ አየነ እ.ኤ.አ. በ2020 ያሸነፈው በዚህ ውድድር ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከስክሶ 157 ሰዎች ያለቁበትን የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን አደጋ ሥፍራና የሐዘንተኞቹን ሁኔታ በተከታታይ ምስሎች አስቀርቷል። ነጠላ ምስል በአንድ ቅጽበት ኃይሉ ይመዘናል፤ ተከታታይ ምስል ግን ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መያዝ አለበት።

አንድ ሥራ በሁለት ሚዛን

የሮሂንጋ ሙስሊሞች ጉዳይ ሁለቱን ሚዛኖች በአንድ ሥራ ላይ ያሳየናል። የሮይተርስ ጋዜጠኞች ዋ ሎንና ቻው ሶ ኡ በማይናማር ኢን ዲን መንደር አሥር የሮሂንጋ ወንዶች የተገደሉበትን ሁኔታ መረመሩ። ከመገደላቸው በፊት እጃቸው ታስሮ ተንበርክከው የተነሱትን ፎቶ አገኙ፤ የመንደሩን ቡድሂስቶች ቃልም ተቀበሉ። በታኅሣሥ 2017 እ.ኤ.አ. ታሰሩ፤ ሰባት ሰባት ዓመትም ተፈረደባቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 ሮይተርስ በዚህ ሥራ ፑሊትዘርን በዓለም አቀፍ ዘገባ ዘርፍ አሸነፈ፤ ሁለቱ ጋዜጠኞች ደግሞ የጊዬርሞ ካኖን ሽልማት አገኙ። የመጀመሪያው የማስረጃውን ጥንካሬ፣ ሁለተኛው የከፈሉትን ዋጋ መዘነ። በግንቦት 2019 እ.ኤ.አ. ከእስር ወጡ።

ዳኛው ፊት ያልደረሰ ሥራ

የየሙስሊሞች ጉዳይ መጽሔት ዋና አዘጋጅ የነበረው ዩሱፍ ጌታቸው በሐምሌ 2004 ታስሮ ከመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴው አባላት ጋር በጸረ ሽብር ሕጉ ተከሷል። የሬዲዮ ቢላል ጋዜጠኞች ዳርሰማ ሶሪና ኻሊድ ሙሐመድ በ2007 ታስረው በ2009 የእስራት ቅጣት ተፈርዶባቸዋል። ሲፒጄ እስራታቸውን መዝግቧል። ከላይ ባነሳናቸው ሽልማቶች የተሸላሚዎች ዝርዝር ውስጥ ግን የሦስቱም ስም የለም። ይህ ሥራቸውን አያሳንሰውም። ዳኛ የሚመዝነው የቀረበለትን ነው፤ ያልተጠቆመን ሰው፣ ሊያነበው በማይችለው ቋንቋ የተጻፈን ሥራ ወይም የጠፋን የሬዲዮ ቅጂ ሊመዝን አይችልም።

አገር ውስጥም ቢሆን ነገሩ ከጥቆማ ይጀምራል። የበጎ ሰው ሽልማት ከዘርፎቹ አንዱ ሚዲያና ጋዜጠኝነት ሲሆን፣ እጩዎቹን የሚጠቁመው ሕዝቡ ነው።

ስለዚህ የሙስሊሙ ህብረተሰብ መገናኛ ብዙኃን ከአሁኑ ሊይዟቸው የሚገቡ ልማዶች አሉ፦

• እያንዳንዱን ሥራ ከታተመበት ቀንና ከጸሐፊው ስም ጋር በመዝገብ ማኖር፤ የድምፅና የምስል ዋና ቅጂዎችን አለማጥፋት።
• የዘገባውን ማስረጃ፣ የምስክሮችን ቃልና የሌላውን ወገን ምላሽ ለይቶ ማስቀመጥ።
• ከማመልከት በፊት የዘርፉን መስፈርት ማንበብ፤ ምርመራን በፊቸር፣ አስተያየትን በዜና ዘርፍ አለማቅረብ።
• ለውጭ ውድድር የሚቀርብን ሥራ በጥንቃቄ ማስተርጎም።
• ባልደረባን ለመጠቆም አለመሳሳት።

እኛ አንባቢዎችም ድርሻ አለን። የተሸላሚ ስም ስንሰማ ዘርፉ ምን እንደሚመዝን፣ ማን እንደጠቆመና ማን እንዳልተጠቆመ ብንጠይቅ ለሥራው ተገቢውን ዋጋ እንሰጣለን። ሳይጠቆሙ የቀሩ ጋዜጠኞችን ሥራ ለማስታወስም ዳኛ መጠበቅ የለብንም፤ ያነበብነውና ያዳመጥነው እኛ ነን።