ሳይበር የታዘዘው አውሮፕላን

ኦገስት 15 ቀን 1940 አመሻሹ ላይ በለንደን ደቡባዊ ዳርቻ የሚገኘው የክሮይደን አየር ማረፊያ በቦምብ ተደበደበ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከስልሳ በላይ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ በማረፊያው ዙሪያ የነበሩ ፋብሪካዎች ሠራተኞች ናቸው። ቦምቡን የጣለው የጀርመን ክፍል የተላከው በአቅራቢያው ያለውን የኬንሊ ጦር ሰፈር እንዲመታ ነበር፤ ቦታ ተሳሳተ። አዛዡ ቫልተር ሩበንስዶርፈር ሲመለስ ተመትቶ እዚያው እንግሊዝ ምድር ላይ ወድቆ ሞተ።

የክፍሉ ስም «የሙከራ ቡድን 210» ይባል ነበር። ቁጥሩ የተወሰደው ሜሰርሽሚት 210 ከተባለው አዲስ ከባድ ተዋጊ አውሮፕላን ነው። ቡድኑ የተቋቋመውም ያንን አውሮፕላን በውጊያ እንዲፈትን ነበር። ሩበንስዶርፈር ግን የሞተው የቀድሞውን ሞዴል ሜሰርሽሚት 110ን እያበረረ ነው። ስሙን የተሸከመለት አውሮፕላን አልደረሰለትም።

ጀርመኖች እንዲህ ያለውን ባለ ሁለት ሞተር ተዋጊ «አጥፊ» ይሉታል። ሐሳቡ የአየር ኃይሉ ዋና አዛዥ የኸርማን ጎሪንግ ፍቅር ነበር፤ ቦምብ ጣዮቹ ከመድረሳቸው በፊት ርቆ ሄዶ ሰማዩን የሚያጸዳ፣ ብዙ ነዳጅና ብዙ መሣሪያ የሚይዝ ተዋጊ። 110 በፖላንድ ላይ ይህን የሚያሟላ መስሎ ነበር። በ1940 ክረምት ግን በእንግሊዝ ሰማይ ከእንግሊዞቹ ተዋጊዎች ከስፒትፋየርና ከሃሪኬን ጋር ሲገናኝ ክብደቱ ጠላት ሆነበት። መታጠፍ አልቻለም። ሌሎችን እንዲጠብቅ የተሠራው አውሮፕላን በባለ ነጠላ ሞተሩ ተዋጊ ሜሰርሽሚት 109 መጠበቅ ግድ ሆነበት።

ተተኪው ገና ቀደም ብሎ ታስቦ ነበር። ከ110 የፈጠነ፣ ርቆ የሚበር፣ ቦምቡን በአፍንጫው ሆድ ውስጥ የሚሸከም፣ ሲያስፈልግም በቁሙ ተወርውሮ ቦምብ የሚጥል። አንድ አውሮፕላን የተዋጊን፣ የቦምብ ጣይንና የቃኚን ሥራ አጠቃሎ እንዲይዝ ተፈለገ።

ከዚያ በኋላ ለመጣው መከራ ሁሉ ሥሩ፣ በእኔ እምነት፣ በ1939 የተፈረመው ትእዛዝ ነው። የመጀመሪያው ናሙና ከመሬት ሳይነሣ የአየር ሚኒስቴሩ አንድ ሺህ አውሮፕላን አዘዘ። የጦር መሣሪያ ግዥውን ይመራ የነበረው ኤርንስት ኡዴት በአንደኛው የዓለም ጦርነት 62 አውሮፕላኖችን የጣለ ዝነኛ አብራሪ ነው፤ የቢሮ ሰው ግን አልነበረም። ቪሊ ሜሰርሽሚት ደግሞ 109ንም 110ንም የሠራ፣ እስከዚያ ድረስ ያላሳፈረ መሐንዲስ ነበር። ስሙ ብቻ እንደ ፈተና ማለፊያ ተቆጠረ። ፋብሪካዎቹም የአውሮፕላኑ ክፍሎች የሚገጣጠሙባቸውን የብረት ቅርጾች ማዘጋጀት ጀመሩ።

አውሮፕላኑ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው በሴፕቴምበር 1939 መጀመሪያ፣ ጦርነቱ በፈነዳ በቀናት ውስጥ ነው። ያበረረው ዶክተር ኸርማን ቩርስተር ሲወርድ ደስተኛ አልነበረም። አውሮፕላኑ በአየር ላይ አይረጋም፤ አፍንጫው ይወዛወዛል። ሁለት የነበረው የቆመ ጭራ ተነሥቶ በአንድ ትልቅ ጭራ ተተካ። ችግሩ ግን ከጭራው ቅርጽ ይልቅ ጭራው ከክንፉ ባለው ርቀት ላይ ነበር። የኋላ አካሉ አጭር ነው። የአውሮፕላን ጭራ እንደ ሚዛን ክንድ ነው፤ ክንዱ ሲያጥር የማስተካከል አቅሙም አብሮ ያጥራል። አብራሪው ጠበቅ አድርጎ ሲታጠፍ ወይም ለማረፍ ፍጥነት ሲቀንስ ክንፉ በድንገት አየሩን መሸከም ያቆማል፤ አውሮፕላኑም እንደ እንዝርት እየሾረ ይወርዳል። መሬት አጠገብ ከሆነ ማምለጫ የለም። የማረፊያ እግሮቹም ደካሞች ነበሩ።

በሴፕቴምበር 1940 ሁለተኛው ናሙና በቁልቁል ውርወራ ሙከራ ላይ ሳለ ጭራው ተሰበረ። አብራሪው ፍሪትስ ቬንደል በጃንጥላ ወርዶ ተረፈ። ቬንደል ተራ አብራሪ አልነበረም፤ ከዓመት ከመንፈቅ በፊት በሰዓት 755 ኪሎ ሜትር በርሮ የዓለምን የፍጥነት ክብረ ወሰን የያዘ ሰው ነው። እሱን የጣለ አውሮፕላን ከበረራ ትምህርት ቤት የወጣን የሃያ ዓመት ልጅ ምን እንደሚያደርግ ለማሰብ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም።

የሚያሳዝነው፣ በአውሮፕላኑ ውስጥ እውነተኛ ብልሃት ነበረ። ከአብራሪው ጀርባ ወደ ኋላ ዞሮ የሚቀመጠው ተኳሽ ከአካሉ ግራና ቀኝ ጎን የወጡ ሁለት 13 ሚሊሜትር መትረየሶችን ከመቀመጫው ሳይነሣ ከርቀት ያዝዛል። ወደ ታችም እንዲያይ መስታወቱ ወደ ጎን አብጦ ተሠርቷል። መትረየሱ ወደ ራሱ አውሮፕላን ጭራ ሲዞር ተኩሱ በኤሌክትሪክ ይቋረጣል። ለ1939 ይህ እጅግ የረቀቀ ሥራ ነው። ግን መብረር ያቃተው አካል ላይ የተጫነ ብልሃት ምን ይጠቅማል?

መፍትሔው ግልጽ ነበር፤ የኋላ አካሉን ማስረዘም። ያንን ማድረግ ግን የተዘጋጁትን የብረት ቅርጾች መጣል፣ አንድ ሺሁን ማዘግየት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ተሳሳትን ማለት ነበር። ስለዚህ ጥቃቅኑ እየተነካካ ዓመታት አለፉ። 16 ናሙናዎችና 94 የቅድመ ምርት አውሮፕላኖች ለሙከራ ዋሉ። በዚህ መሐል ለ210 ቦታ እንዲለቅ የ110 ምርት ተቀነሰ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ሆነ። ኡዴት በኖቬምበር 1941 ራሱን አጠፋ፤ ለሕዝቡ ግን አዲስ መሣሪያ ሲሞክር ሞተ ተብሎ ተነገረ። ለሞቱ 210 ብቻ ምክንያት ነው አልልም፤ ከሸክሞቹ አንዱ ግን ነበር።

በቦታው የተተካው ኤርሃርት ሚልች ከሜሰርሽሚት ጋር የቆየ ቂም ነበረው። በ1928 የቅርብ ወዳጁ አብራሪው ሃንስ ሃክማክ የሜሰርሽሚትን መንገደኛ አውሮፕላን ሲሞክር ሞቶበታል። በኤፕሪል 1942 የ210 ምርት እንዲቆም ተወሰነ። እስከዚያ ለአየር ኃይሉ የደረሱት 90 ያህል ብቻ ናቸው፤ 320 ገደማ በጅምር ቀሩ። ሜሰርሽሚት ከኩባንያው የበላይ አመራር ተነሥቶ በንድፍ ሥራ እንዲወሰን ተደረገ። የ110 ምርትም እንደገና ተጀመረ።

የረዘመው አካል የተሞከረው በዚያው በ1942 መጀመሪያ ላይ ነው። የተጨመረው አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም። በክንፉ የፊት ጠርዝ ከሚከፈቱ ትናንሽ ክንፎች ጋር ሲጣመር አውሮፕላኑ ተገራ። ሀንጋሪዎች ይህን የተስተካከለ 210 በጠንካራ ሞተር ራሳቸው አምርተው ወደዱት። ጀርመኖቹም ከ1943 ጀምሮ ትላልቅ ሞተሮች ገጥመው 410 የሚል አዲስ ቁጥር ሰጡት፤ የድሮው ስም ተበላሽቷልና። ከአንድ ሺህ በላይ 410 ተሠራ። ግን ጊዜው አልፎ ነበር። በ1944 የአሜሪካ ቦምብ ጣዮች በሙስታንግ ተዋጊዎች ታጅበው ሲመጡ፣ ከባዱ ተዋጊ በቀን ሰማይ የሚቆምበት ቦታ አጣ።

ለናዚ ጦር መሣሪያ መክሸፍ አላዝንም። ይህ አውሮፕላን በጊዜው ተስተካክሎ ቢሆን ኖሮ ክሮይደንን የመሰሉ ስፍራዎች በበዙ ነበር። የማዝነው አደገኛነቱ እየታወቀ ለሙከራ ለተሰጣቸው ወጣቶች ነው። እነዚያን ሰዎች የገደላቸው የጭራ ማጠር ሳይሆን ሳይበር የተፈረመው ትእዛዝ ነው።

ዛሬ ሁለት 410 ቀርተዋል፤ አንዱ በብሪታንያ፣ አንዱ በአሜሪካ ሙዚየም። ሙሉ አካሉ የተረፈ 210 ግን በዓለም ላይ አንድም የለም።