ጋዜጣ የለበሰ ግድግዳ

«የልጅ ክፍል» የሚባለው ነገር እኛ ዘንድ አዲስ ነው። እኛ ስናድግ መደብ ነበር፣ ቁርበት ነበር፣ አራት አምስት ልጅ ባንድ ጋቢ ሥር ነበር። ፈረንጅ ጋም ቢሆን ያን ያህል የቆየ አይደለም። ፊሊፕ አሪየስ የሚባል ፈረንሳዊ የታሪክ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ልጅነትን ራሱን እንደቻለ ዕድሜ ማየት አውሮፓ ውስጥ ቀስ በቀስ የመጣ ነው ብሎ እስከ ዛሬ የሚያከራክር ነገር ጥሎ አልፏል።

ይህን ያነሳሁት አዘና ቤት የተከራየ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ «ቲቸር፣ የልጄን ክፍል በአሮጌ ዕቃ ባሳምረው ሰው ምን ይለኛል?» ብሎ ስለጠየቀኝ ነው። ለአልጋና ለቁም ሳጥን ሊበደር ነው እኮ! እስቲ የሰው ቤት በምን ያምር እንደነበር እናስታውስ።

አዲስ ዘመን ጋዜጣ ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. መታተም ጀመረ። ከተነበበ በኋላ ሁለት ሥራ ይጠብቀው ነበር፤ ወይ ባለሱቁ ስኳር ይጠቀልልበታል፣ ወይ በዱቄት ሙጫ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ምርጊቱ አቧራ ያራግፋል፣ የእኛ አገር ክረምት ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ብርዱ በስንጥቁ ይገባል። ወረቀቱ ሁለቱንም ይመክታል፤ ቤቱንም ብርሃን ያደርገዋል። (ትኋን ከሥሩ መደበቋ ሌላ ጉዳይ ነው።) የእኛ ብቻ ውርደት እንዳይመስላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የአሜሪካ ደቡብ ድሆችም ግድግዳቸውን በጋዜጣና በመጽሔት ይሸፍኑ ነበር።

ለእኔ ትልቁ ነገር ግን ልጆቹ ናቸው። መጽሐፍ በሌለበት ቤት ተጋድሞ የሚነበብ ነገር ግድግዳው ላይ ነበር። ጋዜጣው ተዘቅዝቆ ከተለጠፈ ተዘቅዝቆ ማንበብ ይለመዳል! ወሬው ግማሽ ላይ በሌላ ገጽ ይሸፈንና መጨረሻውን ሳታውቁ ታድጋላችሁ። ደግሞ ግድግዳው መዝገብ ነው። ጃንሆይ መስከረም 2 ቀን 1967 ከወረዱ በኋላ የእሳቸው ፎቶ ላይ የወዛደር ሰልፍ ተለጠፈበት፤ ሲላጥ ዘመን ከዘመን ሥር ይወጣል።

ሐምሌ 1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመርም ፊደሉ በዚሁ ግድግዳ ላይ ቀድሞ የገባባቸው ልጆች ነበሩ። አንድ ነገር ግን ያንገበግበኛል። ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች ተካሄደ፤ አውንጊ ከነዚያ ውስጥ አልነበረም። የአገው ልጅ እናቱ የምታወራበትን ቋንቋ አንድም ቃል በወረቀት ሳያይ ነው በአማርኛ ማንበብ የለመደው። ዛሬ አውንጊ በዚያው በግዕዝ ፊደል ተጽፎ በትምህርት ቤት ይሰጣል። ስለዚህ ለተማሪዬ የመለስኩለት ይህን ነው፦ ታላላቆቿ የጨረሱትን፣ ሽፋኑ የተገነጠለ የአውንጊ መጽሐፍ ፈልግ፤ ሥዕልና ቃል ያለበትን ገጽ ቆርጠህ በልጅቷ ቁመት ልክ ለጥፍ። ከገበያ ከምትገዛው ፖስተር ይበልጣል ባይ ነኝ።

የቀረውም ከባድ አይደለም። መጋረጃውን ከሳልባጅ አንሳ፤ በፈላ ውኃ አጥበህ ፀሐይ ላይ አውለው። አሮጌ አልጋ ስትገዛ መጋጠሚያውን በባትሪ እያበራህ እይ፣ ትኋን እዚያ ነው ቤቷ። ለመደርደሪያ ደግሞ ምን ሩቅ ያስኬዳል? እንጅባራ የቀርቀሃ አገር ነው። ያልጠና ቀርቀሃ ብል ይበላዋልና ሦስት ዓመት የሞላው መሆኑን ጠይቅ። አዲስ አበባ ያላችሁ ምናለሽ ተራ አለላችሁ፤ ስሙ ራሱ ሻጭና ገዢ የሚገናኙበት ጥያቄ ነው።

በነገራችን ላይ፣ አዘና፣ ዳንግላም ሆነ ሌላ ቦታ የቆየ የጭቃ ቤት የምታፈርሱ ካላችሁ፣ ከመናዱ በፊት ግድግዳውን ቀስ ብላችሁ ላጥ ላጥ አድርጉና ፎቶ አንሱልኝ። ቀኑ የሚነበብ ገጽ ካገኛችሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡት።