የኢዜማ የ2014 ዓ.ም. የመሪ ምርጫ

የኢዜማ የ2014 ዓ.ም. የመሪ ምርጫ፣ የኢትዮጵያ ዜጎች ለማኅበራዊ ፍትሕ (ኢዜማ) በ2013ቱ አገር አቀፍ ምርጫ ከተሸነፈ ከአንድ ዓመት በኋላ መሪውን ለመምረጥ ያካሄደው የውስጠ ፓርቲ ውድድር ነው። በሰኔ 2014 ዓ.ም. መጨረሻ (እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2022 መጀመሪያ) አዲስ አበባ ላይ በተካሄደው ጉባኤ የፓርቲው መሪ ብርሃኑ ነጋ ምክትላቸውን አንዱዓለም አራጌን አሸንፈው በኃላፊነታቸው ቀጥለዋል። ብርሃኑ በወቅቱ የትምህርት ሚኒስትርም ስለነበሩ፣ ውድድሩ መሪው የካቢኔ አባል የሆነ ፓርቲ ተፎካካሪ ሆኖ መቀጠል ይችላል ወይ የሚል ጥያቄ አስነስቷል።

የፓርቲው አወቃቀር

ኢዜማ በግንቦት 2011 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን፣ አርበኞች ግንቦት 7፣ ሰማያዊ ፓርቲና ኢዴፓን ጨምሮ ሰባት ፓርቲዎች ከስመው የፈጠሩት ነው። አደረጃጀቱ የምርጫ ወረዳን መሠረት ያደርጋል። ሁለት ከፍተኛ ኃላፊነቶችም አሉት። መሪው ፓርቲውን በምርጫና በመንግሥታዊ ሥራ ይመራል፤ ሊቀመንበሩ ደግሞ የፓርቲውን ድርጅታዊ ሥራ ያስተዳድራል። በምሥረታው ጉባኤ ብርሃኑ ነጋ መሪ፣ አንዱዓለም አራጌ ምክትል መሪ፣ የሺዋስ አሰፋ ሊቀመንበር፣ ጫኔ ከበደ ምክትል ሊቀመንበር ሆነው ተመርጠዋል።

የምርጫው ሽንፈት

ኢዜማ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተካሄደው ምርጫ ከብልጽግና ፓርቲ ቀጥሎ ብዙ ዕጩዎችን ያቀረበ ፓርቲ ነበር። ሆኖም በምርጫ ቦርድ ሐምሌ 3 ቀን ይፋ በሆነው ውጤት ያገኘው የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫ 4 ብቻ ሲሆን፣ ሁሉም ከደቡብ ክልል ነበሩ። ብልጽግና 410፣ አብን 5 መቀመጫ አግኝተዋል። የኢትዮጵያ ሥርዓት በየምርጫ ወረዳው ብልጫ ድምፅ ላገኘው ብቻ መቀመጫ ስለሚሰጥ፣ ለተሸናፊ ዕጩዎች የተሰጠው ድምፅ ወደ መቀመጫ አይቀየርም። ኢዜማ በአዲስ አበባም ሆነ ቆቦን ጨምሮ በአማራ ክልል አንድም የፓርላማ መቀመጫ አላገኘም። ፓርቲው በአማራና በደቡብ ክልሎች ታዛቢዎቹ ከምርጫ ጣቢያዎች መከልከላቸውን ገልጾ 207 አቤቱታዎችን አቅርቧል።

ከዚያ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የሰሜኑ ጦርነት ወደ ራያ ቆላ ደረሰ፤ ከቆቦ በጎብዬ በኩል እስከ ወልድያና ከዚያም አልፎ ተስፋፋ። ስለዚህ ከመንግሥት ጋር መሥራት ወይስ በተቃውሞ መቆየት የሚለው ጥያቄ የተነሣው አገሪቱ በጦርነት ውስጥ ሳለች ነው።

መስከረም 26 ቀን 2014 ዓ.ም. ብርሃኑ የትምህርት ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። የአብን ሊቀመንበር በለጠ ሞላና የኦነጉ ቀጄላ መርዳሳም በዚያው ዕለት የሚኒስትርነት ሹመት አግኝተዋል።

ተወዳዳሪዎቹ

ብርሃኑ ነጋ የምጣኔ ሀብት ምሁር ናቸው። በ1997ቱ ምርጫ ቅንጅት አዲስ አበባን ሲያሸንፍ ለከንቲባነት ተመርጠው ነበር፤ ነገር ግን ሥልጣኑን ሳይረከቡ ታሰሩ። በ1999 ዓ.ም. ከተፈቱ በኋላ በስደት ግንቦት 7ን መሠረቱ፤ በጳጉሜን 2010 ዓ.ም. ወደ አገር ተመለሱ።

አንዱዓለም አራጌ የአንድነት ለዲሞክራሲና ለፍትሕ ፓርቲ (አንድነት) አመራር ነበሩ። በመስከረም 2004 ዓ.ም. ታስረው በሽብር ወንጀል ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው፤ በየካቲት 2010 ዓ.ም. ተፈቱ።

ሁለቱም በአንድ ሥርዓት የታሰሩና ኢዜማን ከምሥረታው ጀምሮ አብረው የመሩ ናቸው። ሹመቱን የሚደግፉ አባላት አገር በአደጋ ላይ ስትሆን ኃላፊነት መውሰድ ተገቢ እንደሆነ ሲናገሩ፣ የሚተቹት ደግሞ ፓርቲው መንግሥትን የመሞገት አቅሙን ያጣል የሚል ስጋት ነበራቸው።

ውጤት

በጉባኤተኞች ድምፅ ብርሃኑ ነጋ መሪ፣ ዮሐንስ መኮንን ምክትል መሪ ሆነው ተመረጡ። በሊቀመንበርነት የሺዋስ አሰፋን ጫኔ ከበደ ተኩ።

ከቀደሙት ውዝግቦች ጋር ሲነጻጸር

በኢትዮጵያ የተቃዋሚ ፓርቲዎች የአመራር ፉክክር ብዙ ጊዜ በመከፋፈል ወይም በምርጫ ቦርድ ውሳኔ ይቋጭ ነበር። ቅንጅት ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ተከፋፍሏል። በአንድነት ውስጥ የተፈጠረውን ክፍፍል ምርጫ ቦርድ በጥር 2007 ዓ.ም. ለአንዱ ወገን ዕውቅና በመስጠት ወስኗል። ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም መቀመጫ ከያዙበት ከ2007ቱ ምርጫ በኋላም በሰማያዊ ፓርቲ ውስጥ በይልቃል ጌትነትና በየሺዋስ አሰፋ መካከል የተነሣው ውዝግብ እስከ ቦርዱ ደርሶ፣ ቦርዱ ለየሺዋስ አመራር ዕውቅና ሰጥቷል።

የኢዜማው ፉክክር ከእነዚህ የሚለየው በጉባኤ ድምፅ በመቋጨቱ ነው። ይሁን እንጂ ልዩነቱ በድምፁ አላበቃም፤ በ2015 ዓ.ም. በአመራር ላይ የነበሩ ሰዎች ያሉባቸው በርካታ አባላት ፓርቲውን ለቀዋል። ብርሃኑም በዚያ ወቅት ከመሪነቱ ጋር በሚኒስትርነት ቀጥለው ነበር።